ምዕራፍ ሰባት፦ የዋናው መሥሪያ ቤት ደጅ

የካቲት 6 ቀን 2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተመረቀው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ቁመቱ ከ200 ሜትር በላይ ነው። ባንክ የሚያተርፈው በሰው ተቀማጭ ነውና ከዚያ ፎቅ በስተጀርባ ብዙ ትንንሽ ደብተሮች አሉ። የሹሩባ ሠሪዋም፣ የአስተማሪውም፣ ጤፉን ሸጦ የተረፈችውን ብር ቅርንጫፍ የሚያስገባው ገበሬም ደብተር አለበት። ምሥራቅ ጎጃም ያለችው ቁይ፣ የደባይ ጥላትግን ወረዳ ዋና ከተማ፣ ከእነዚህ ደብተሮች መነሻ አንዷ ናት። የቁይ ገበሬ ግን ያንን ፎቅ የሚያየው ቢያይ በቴሌቪዥን ነው። ሰንጋ ተራ የሚኖረው ሰው ደግሞ በየቀኑ በሥሩ ያልፋል፤ ብዙ ጊዜም በአጥሩ ጥግ።

ድርጅት ለአካባቢው ሕዝብ ምን ያደርጋል ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ስጦታ ነው። ለበዓል በግ ይታረዳል፣ ለተማሪ ደብተር ይታደላል፣ ሥራ አስኪያጁ በር የሚያህል የካርቶን ቼክ ይዞ ፎቶ ይነሣል። ደግ ነው፣ ይቀጥል። እዚህ የምናየው ግን ሕንፃውን ነው። ጉዳይ የሌለው፣ ደንበኛም ሠራተኛም ያልሆነ ሰው በደጁ ሲያልፍ ዋናው መሥሪያ ቤት ምን ይጠቅመዋል? መልሱን የምናገኘው ሕንፃው ከመንገዱ በሚገናኝባቸው ጥቂት ሜትሮች ላይ ነው ባይ ነኝ። ከዚያ በላይ ያለው አርባም ፎቅ ይሁን አራት የባለቤቱ ጉዳይ ነው።

የውጭው መደብ

የጎጃም ደጋ የጭቃ ቤት ስናይ ዓይናችን ቀድሞ የሚያርፈው ጣራው ላይ ነው። እኔ የምፈልገው ከታች ያለውን ነው፤ ከክፈፉ ሥር፣ ግድግዳውን ተደግፎ በድንጋይና በጭቃ የተሠራውን የውጭ መደብ። መደቡ የባለቤቱ መሆኑን ማንም አይከራከርም። ቢሆንም ከገበያ የሚመለስ ሰው ሸክሙን አውርዶ ያርፍበታል፣ ጎረቤት ቁጭ ብሎ ስለ ዝናቡ ያወራበታል፣ ሽማግሌዎች ነገር ሲያበርዱ ይውሉበታል። ለመቀመጥ ደብዳቤ አይጻፍም። «እንደምን ዋላችሁ» ማለት ይበቃል።

መደቡ የተሠራው ከቤቱ ጋር አብሮ ነው። ክፈፉ የተዘረጋው ዝናብ ግድግዳውን እንዳይመታው ነው፤ መደቡም የግድግዳውን እግር ከጎርፍ ይጠብቃል። እንግዳው የሚያገኘው ጥላና መቀመጫ ቤቱ ለራሱ ከሚያስፈልገው ነገር ላይ ተቆርሶ የተሰጠ ነው፤ ስለዚህም ርካሽ ነው። ባለቤቱም አይከስርም። ወሬ ይሰማል፤ ደጁ ላይ ሰው ስለማይጠፋ ሌባም አይደፍረውም። አንድ ዕዳ ግን አለበት። ክረምቱ ሲወጣ ጭቃና እበት ተቦክቶ ካልተለሰነ መደቡ እየተሸረፈ ያልቃል።

ከአሁን በኋላ «መደብ» ስል እንዲህ ያለውን ቦታ ሁሉ ማለቴ ነው፤ በባለቤቱ ይዞታ ላይ ያለ፣ ለአላፊ አግዳሚ የተከፈተ፣ ከሕንፃው ጋር አብሮ የታሰበ። አርክቴክቶች ለዚህ ብዙ ረጃጅም ስም አላቸው፤ ለዚህ ምዕራፍ አያስፈልጉንም።

ፍተሻው የት ይቁም?

ምዕራፍ ሦስትን ያነበበ ሰው ያስታውሳል፤ በጭቃና በድንጋይ ቤት ጣራውን የሚሸከመው ግድግዳው ነው። በኮንክሪት ሕንፃ ግን ጭነቱ ከወለሉ ወደ ቢሙ፣ ከቢሙ ወደ ኮለኑ፣ ከኮለኑ ወደ መሠረቱ ይወርዳል። በመካከል የተደረደረው ብሎኬት ከራሱ ክብደት በቀር የሚሸከመው ነገር የለም። እንግዲህ የጂ+4 ሕንፃ ግራውንድ፣ ማለትም ከመሬት እኩል ያለው ወለል፣ ግድግዳ አልባ ሆኖ በኮለን ብቻ መቆም ይችላል። (አንድ ጥንቃቄ አለ። ላዩ በግድግዳ ታጭቆ ግራውንዱ ባዶ የሆነ ሕንፃ መሬት ሲንቀጠቀጥ እግሩ ይከዳዋል፤ መሐንዲሱ ኮለኖቹን ለዚያ ማጠንከር አለበት። በ2017 ዓ.ም. ፈንታሌ አካባቢ የተነሣው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶ ስለነበር ነገሩ ቀልድ አይደለም።)

ግድግዳው የማይሸከም ከሆነ ለምን ዘጋነው? የመሥሪያ ቤቱን ሰው ብትጠይቁት «ለጥበቃ» ይላችኋል። ልክ ነው፤ ባንክ ገንዘብ አለበት፣ ቴሌ መሣሪያ አለበት። ነገር ግን የሚጠበቀው ነገር የት ነው ያለው? ካዝናው ከመሬት በታች ነው፤ ኮምፒውተሩና ፋይሉ ፎቅ ላይ ነው። ወደ ሁለቱም የሚያደርሰው ሊፍቱና ደረጃው ሲሆን እነሱን በሕንፃው መሐል በአንድ የኮንክሪት ጉሮኖ ውስጥ ሰብስቦ መሥራት የተለመደ ነው። ስለዚህ ጥበቃው መቆም ያለበት እዚያ በር ላይ ነው። እኛ አገር ግን ፍተሻው የሚቆመው ከሕንፃው ሃያና ሠላሳ ሜትር ርቆ፣ አጥሩ በር ላይ ነው። ጥበቃው ገና ከሩቅ «ወዴት ነው?» ይላል፤ ጉዳይ የሌለው ሰው መልስ ስለሌለው ይመለሳል። በአጥሩና በሕንፃው መካከል የቀረው ውድ መሬት የሦስት ኃላፊዎች መኪና ይቆምበታል።

በአርክቴክት ሙያ ዋናው ውሳኔ ይኼው የፍተሻው መስመር የት ይሰመር የሚለው ነው። ከአጥሩ ወደ ሊፍቱ በር በተሳበ ቁጥር መደብ የሚሆን መሬት ይገኛል፤ ካዝናው ደግሞ እንደተቆለፈ ይቀራል።

ብሔራዊ አካባቢ

አዲስ አበባ ውስጥ ይህን ለማየት ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ መሄድ ነው። ንግድ ባንክ በ1955 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ከመንግሥት ባንክ ተከፍሎ ለብቻው ሲቆም ለዋና መሥሪያ ቤቱ ክብ ሕንፃ የነደፈለት ፈረንሳዊው አርክቴክት ኦንሪ ሾሜት ነው። ቴአትር ቤቱንም ከጣሊያን ዘመን ጅምር አንሥቶ ለ1948 ዓ.ም. የንጉሡ የብር ኢዮቤልዩ ያደረሰው እሱ ነው። ፊት ለፊት ደግሞ የሞሪስ ካልካ የድንጋይ አንበሳ ቆሟል። የዚያ ዘመን ሰው ባንክ ሲሠራ የሕዝብ አዳራሽ እንደሚሠራ አድርጎ ማሰቡ ያስታውቃል። ክቡ አዳራሽ ደንበኛው ገብቶ የሚስተናገድበት ነው፤ ሕንፃው ራሱ የተሠራው በዚያ አዳራሽ ዙሪያ ነው። «አንበሳው ጋ እንገናኝ» የሚለው ቀጠሮም እስከ ዛሬ አለ።

አዲሱ ፎቅ ከዚያ ብዙም አይርቅም። በዙሪያው ሌሎች ባንኮችና መድን ድርጅቶች እየተሽቀዳደሙ ገንብተዋል፤ የተሽቀዳደሙት ግን በቁመት ነው። በመስተዋት ብዛት የተፎካከሩትን ያህል በመቀመጫ ብዛት ቢፎካከሩ ኖሮ ሰንጋ ተራ ሌላ ሰፈር በሆነ ነበር።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የመጣው የኮሪደር ልማት አጥርን በሚመለከት ብዙ ነገር ቀይሯል። የእግረኛ መንገድ ሰፍቷል፤ ለዘመናት የግንብ አጥር የሸፈነውን ግቢ ዛሬ ከመንገድ ማየት ይቻላል። እኔ ይህን እወደዋለሁ። ነገር ግን በዚያው ሥራ ከፒያሳና ከሌሎች የመሐል ከተማ ሰፈሮች ብዙ ነዋሪ ተነሥቶ ወደ ዳር ሄዷል። መደብ የሚሠራው ለጎረቤት ነው። ጎረቤቱ ሄዶ መደቡ ቢሠራ የሚቀመጥበት ማን ነው? በዚህ ላይ ነዳፊው አርክቴክት መልስ የለውም፤ ጥያቄው የከተማ አስተዳደር ነው።

ኒው ዮርክ የገዛችው ባዶ ቦታ

«ሕግ ይውጣና ድርጅቶች ደጃቸውን ይክፈቱ» የሚል አንባቢ ይኖራል። ኒው ዮርክ ሞክራዋለች። እ.ኤ.አ. በ1961 ያወጣችው የግንባታ ደንብ ለባለሕንፃዎች ውል አቀረበ፤ ከይዞታችሁ ላይ ለሕዝብ ክፍት አደባባይ ከተዋችሁ ከተፈቀደው በላይ ፎቅ መጨመር ትችላላችሁ አለ። ፎቅ በጣም በሚፈቀድባቸው ቀጠናዎች ለ1 ካሬ አደባባይ እስከ 10 ካሬ የሚደርስ ተጨማሪ ወለል ይታሰብ ነበር። ነጋዴ እንዲህ ያለ ገበያ አያልፈውም። በየታላላቁ ሕንፃ ፊት አደባባይ በአደባባይ ሆነ።

ችግሩ ብዙዎቹ ባዶ መሆናቸው ነበር። ዊልያም ዋይት የተባለ ጸሐፊ ከረዳቶቹ ጋር ካሜራ ጠምዶ ሰዎቹ የት እንደሚቀመጡ፣ የት እንደማይቀመጡ ሲቀርጽ ከረመ። ፀሐይ ነው? ስፋት ነው? የሕንፃው ውበት ነው? እያለ አንድ በአንድ ሲመረምር ያገኘው ነገር ሕፃን የሚያውቀው ሆነ፤ ሰው የሚቀመጠው መቀመጫ ባለበት ነው። ባለሕንፃዎቹ ባዶ ንጣፍ ሠርተው፣ ጠርዙን ሾጣጣ አድርገው፣ ፎቃቸውን ወስደው ሄደዋል። ደንቡ እ.ኤ.አ. በ1975 ተሻሽሎ መቀመጫ ግዴታ ሆነ። ቦታ መተው ብቻውን መደብ አያወጣም ማለት ነው፤ ከፍታው፣ ጥላው፣ መደገፊያው መታሰብ አለበት።

ከዚያ የተሻለው ምሳሌ ሆንግ ኮንግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 የተጠናቀቀው የኤችኤስቢሲ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት የኖርማን ፎስተር ሥራ ነው። ወለሎቹ ከታች ተደግፈው በመቆም ፈንታ ከላይ ካሉ ግዙፍ የብረት ድልድዮች ላይ ተንጠልጥለዋል። በመሐል ኮለን የለም፤ የኮንክሪት ጉሮኖውም የለም፤ ሊፍትና ደረጃው ወደ ዳር ወጥቷል። ከሥር የቀረው በር የሌለው፣ ግድግዳ የሌለው፣ ጣራ ግን ያለው ሜዳ ነው። ሰው ከአንዱ ጎዳና ወደ ሌላው በባንኩ ሆድ ሥር ያልፋል፤ ባንኩ ጋ ጉዳይ ያለው በኤስካሌተር ይወጣል። ፍተሻው ወደ ላይ ተሳበ ማለት ነው። ባንኩም በነፃ አልሰጠም፤ በምላሹ ተጨማሪ ወለል ተፈቅዶለታል።

እሑድ እሑድ ያንን ሜዳ የሚሞሉት በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ የፊሊፒንስ ሴቶች ናቸው። የሳምንቱ ዕረፍታቸው እሱ ብቻ ነው፤ ካርቶን ያነጥፋሉ፣ ምግብ ይካፈላሉ፣ ፀጉር ይሠራራሉ፣ ወደ አገር ቤት የሚልኩትን ዕቃ ያሽጋሉ። ቤይሩት ወይም ጅዳ እህት ያለው አንባቢ ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም። ባንኩ ለእነሱ አስቦ አልሠራውም፤ ጥላና ደረቅ ወለል ስላለ መጡ። ክፍት ደጅ ባለቤቱን የማያስደስት እንግዳም ያመጣል። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2011 ጀምሮ ባንኮችን የሚቃወሙ ሰዎች እዚያው ድንኳን ተክለው ወራት ተቀመጡ፤ ባንኩ ፍርድ ቤት ሄዶ በቀጣዩ ዓመት አስነሣቸው። ሜዳው ግን ለዘለቄታው አልታጠረም።

ኩባንያው ከተማ ሲሆን

ከመደብ አልፎ ሁሉን ነገር ልስጥ የሚል ድርጅትም አለ። የጣሊያኑ የጽሕፈት መኪና ሠሪ ኦሊቬቲ ኢቭሬያ በምትባል ከተማ ከፋብሪካው ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ቤተ መጻሕፍትና የማኅበራዊ አገልግሎት ሕንፃ ሠርቷል፤ የሕፃናት ማቆያም ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2018 ዩኔስኮ ከተማዋን በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል። እኔን የሚማርከኝ «ከመንገዱ ማዶ» የሚለው ነው። አገልግሎቱ በፋብሪካው አጥር ውስጥ ቢሆን የሠራተኛ ብቻ ይሆን ነበር።

የእኛው ወንጂ በተቃራኒው ነው። የሆላንዱ ኤችቪኤ እ.ኤ.አ. በ1954 ስኳር ማምረት ሲጀምር ቤት፣ ትምህርት ቤትና ሆስፒታል አብሮ ገነባ። ቤቱ በማዕረግ የተከፋፈለ፣ ሁሉም ነገር በኩባንያው እጅ ነበር። ውኃውም የኩባንያው ጉድጓድ ውኃ ነበር፤ ፍሎራይድ የበዛበት ሆኖ የብዙ ሠራተኛ ጥርስና አጥንት ጎዳ። ሁሉን ከአንድ እጅ የሚቀበል ሰፈር ያ እጅ ሲሳሳት መሸሻ የለውም። ስለዚህ የመደቡን መጠነኛነት እመርጣለሁ፤ ትንሽ ይሰጣል፣ ማንንም አያስርም።

ቁይ ላይ ቢሠራ

ቁይ ላይ የባንክ ፎቅ አይጠበቅም። ሆኖም እንደ ሌላው የጎጃም ወረዳ ሁሉ የደባይ ጥላትግን ገበሬ በሁለገብ የኅብረት ሥራ ማኅበር ይደራጃል። ማኅበራቱ ተሰባስበው ዩኒየን ይሆናሉ፤ ደብረ ማርቆስ ያለው ጎዛምን የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን እንዲህ ያለ ነው። ለአባሉ የማኅበሩ ቢሮ ዋና መሥሪያ ቤት ነው። ማኅተሙ፣ ቃለ ጉባኤው፣ ካዝናው እዚያ ነው፤ ውሳኔውም የሚወሰነው እዚያ ነው። በአዋጅ ቁጥር 985/2009 የሚተዳደር ድርጅት ሲሆን ድምፁም ለአንድ አባል አንድ ነው። ዓለም አቀፉ የኅብረት ሥራ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1995 ካጸደቃቸው ሰባት መርሆዎች የመጨረሻው ለአካባቢ ሕዝብ ማሰብ የሚል ነው።

ማዳበሪያ በሚከፋፈልበት ሰሞን፣ ግንቦትና ሰኔ ላይ፣ እንዲህ ያለ ቢሮ ምን እንደሚመስል አስቡት። ቆርቆሮ ክዳን መጋዘን፣ የብረት በር፣ ከጎኑ አንዲት ክፍል፣ መስኮቷ ፌሮ የተበየደባት። ሌሊት ተነሥቶ አህያውን እየነዳ የመጣ ገበሬ ነጠላውን ግንባሩ ላይ ጥሎ ተራ ይጠብቃል። ገንዘብ ያዡ በፍርግርጉ ውስጥ ስም ይጠራል፤ «አባቴ፣ ትንሽ ይታገሡ፣ ካርኒ አልቆ ነው» ይላል። ከረጢቱ 50 ኪሎ ነው። ፀሐይ ላይ የቆመው ሰውዬ የድርጅቱ ባለቤት ነው፤ ጥላ ሥር ያለው ተቀጣሪው ነው። የንግድ ባንክን አጥር የተቸ ሰው ይህንንም ማለፍ የለበትም።

ሒሳቡን እንሥራው። መጋዘኑ 10 በ20 ሜትር ነው እንበል። በረጅሙ ጎን ጣራውን 3 ሜትር ብናስረዝመው 60 ካሬ ሜትር ጥላ ይገኛል። እንዲህ የረዘመ ክፈፍ ነፋስ ከሥሩ ገብቶ ስለሚያነሣው ዳሩ ላይ የብረት ምሰሶ ያስፈልገዋል፤ ምሰሶው በኮንክሪት ይቀበራል፣ ጣራውም ከምሰሶው ጋር በደንብ ይታሰራል። በግድግዳው እግር 45 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው የድንጋይ መደብ ይሠራ። ለአንድ ሰው ግማሽ ሜትር ቢታሰብ 40 ሰው ያስቀምጣል፤ የመጋዘኑንም ግድግዳ ከእርጥበት ያድናል። ይህ ለማዳበሪያውም ይጠቅማል፤ እርጥበት የነካው ማዳበሪያ ድንጋይ ይሆናል።

ጣራው አሁን 260 ካሬ ሜትር ሆኗል። በ1 ካሬ ሜትር ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ነው። የደብረ ማርቆስ የዓመት ዝናብ 1,300 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ለቁይም ይህንኑ እንውሰድና የሚረጨውንና የሚተነውን አንድ አምስተኛ እንቀንስ። በዓመት 270,000 ሊትር ያህል ይቀራል፤ በ20 ሊትር ጀሪካን ከ13,000 በላይ። ነገር ግን አብዛኛው የሚወርደው ውኃ በሞላበት በክረምት ነው። 10,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ በጥቂት ቀን ዝናብ ይሞላል፤ ቀሪው ይፈስሳል። ለበጋ የሚቆየው መስከረም ላይ የታሸገው 500 ጀሪካን ብቻ ነው። ለሰፈር አይበቃም። እህል ይዞ ለሚመጣ ሰው እጅ መታጠቢያ፣ ለአህያውም መጠጫ ግን ይሆናል፤ ለአህያው ቧንቧው ዝቅ ብሎ ወደ ገንዳ ይቀጠል። የመጀመሪያው ዝናብ የጣራውን አቧራና የወፍ ኩስ ስለሚያጥብ ይደፋ። ሰው ይጠጣው ከተባለ ይፈላ ወይም ይታከም።

መጸዳጃ ቤቱ በሩ ወደ መንገዱ ይዙር። ከግድግዳው ላይ አንድ ሁለት ሜትር ጥቁር ተቀብቶ የሳምንቱ የጤፍ፣ የስንዴና የበቆሎ ዋጋ በጠመኔ ይጻፍበት። ከደላላ ጋር ሊከራከር የመጣ ገበሬ፣ የማኅበሩ አባል ሆነም አልሆነ፣ ከዚህ የበለጠ ስጦታ ከማንም መሥሪያ ቤት አያገኝም፤ ወጪው የጠመኔ ነው።

ይህ ሁሉ በጠቅላላ ጉባኤ ሲቀርብ ክርክሩ ሮቶው ላይ ቁልፍ ይደረግ አይደረግ የሚለው ላይ እንደሚሆን እገምታለሁ። ቁልፉ በዘበኛው እጅ ይሁን፣ ቧንቧው ግን ቢሮው ክፍት በሆነበት ሰዓት ሁሉ ይከፈት እላለሁ። ከቁልፉ ይልቅ ልትከራከሩበት የሚገባው በጀቱ ነው። ሮቶውን ለማጠብ፣ መጸዳጃውን ለማጽዳት፣ መደቡ ሲሸረፍ ለመጠገን የተያዘ ገንዘብ በዓመቱ ዕቅድ ውስጥ በስሙ ተጽፎ ካልገባ በሁለተኛው ክረምት ቧንቧው ይሰበራል፣ መጸዳጃው ይቆለፋል፣ መደቡም ላይ የማዳበሪያ ከረጢት ይከመርበታል።